የባለ መጥረቢያው ጠባይና የባለ ማኅተሙ ጠባይ

«ያባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚል ክፉ ተረት አለን። በቧልት እንናገረዋለን እንጂ ተረቱ ትልቅ ቁም ነገር የያዘ ነው። ሰው የጋራ ሀብትን የሚያጠፋው ሀብቱን ስለሚጠላ አይደለም፤ ሌላው ሲወስድ እያየ «እኔ ብቻዬን ብታቀብ ምን ይተርፋል?» ብሎ ስለሚያስብ ነው። አገሬው ይህን በአምስት ቃላት ጨርሶታል። የፈረንጅ ሊቃውንት ደግሞ ይህንኑ ነገር በሙከራና በቁጥር ለመመርመር አሥርት ዓመታት ፈጅተዋል። ጥናታቸው «የባህርይ ሳይንስ» የሚል ስም ወጥቶለት፣ ከጤናና ከግብር አሰባሰብ አልፎ ደንን፣ አራዊትንና ባጠቃላይ ብዝኃ ሕይወትን ለመታደግም ይጠቅማል እየተባለ ነው።

ውድ አንባብያን፤ አገር በጦርነትና በእስር በምትታመስበት ዘመን ስለ ደንና ስለ ቀይ ቀበሮ መጻፍ ቅንጦት የሚመስላችሁ ትኖሩ ይሆናል። ይህ ጸሐፊ እንደዚያ አያምንም። «ይህ ደን የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ «ይህች አገር የማን ናት?» ከሚለው ጥያቄ ተለይቶ አያውቅም። ኢትዮጵያ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፀዋት ዝርያዎች ያሉባት፣ ከእነዚህም ከአሥሩ አንዱ ያህል በሌላ አገር የማይገኝ፣ ዓለም በየማለዳው የሚጠጣው የአረቢካ ቡናም በዱር የበቀለባት ምድር ናት። ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም የቀረው ወደ 500 ገደማ ብቻ ሲሆን እሱም የሚኖረው በእኛ ተራሮች ላይ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ቅርስ የሚጠፋውም የሚተርፈውም በሰው ጠባይ ነው። መመለስ ያለበት ጥያቄ «በማን ጠባይ?» የሚለው ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን እግረ መንገዴን አስታውሳለሁ።)

ሳይንሱ ምን ይላል?

ከአሜሪካ እንጀምር። በአሪዞና ግዛት የጥንት ግንዶች ወደ ድንጋይነት የተለወጡበት ብሔራዊ ፓርክ አለ። ጎብኚዎች ቁራጩን በኪሳቸው እየያዙ ስለሚሄዱ አስተዳደሩ ተቸግሮ ነበር። ሮበርት ቻልዲኒ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቅና ባልደረቦቻቸው በእግር መንገዱ ዳር ምልክት ያደረጉባቸውን ቁራጮች በትነው ማስታወቂያዎችን እያፈራረቁ ተከሉ። አንደኛው ማስታወቂያ ያለፉት ጎብኚዎች ብዙዎቹ እየወሰዱ ፓርኩን እንደጎዱት የሚያማርር ነበር፤ ሌላው በቀላሉ አትውሰዱ የሚል ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? አትውሰዱ ብቻ በተባለበት ቦታ ከቁራጮቹ 1.67 በመቶ ሲሰረቁ፣ ብዙ ሰው ይወስዳል በተባለበት ቦታ 7.92 በመቶ ተሰረቁ። ሌብነትን ሊያወግዝ የቆመው ማስታወቂያ ሌብነትን አስተማረ። «ሁሉም እየወሰደ ነው» ሲባል የሰማው ጎብኚ የድርሻውን አነሣ።

ይህን ሳነብ በልጅነታችን በትምህርት ቤትና በሬዲዮ እየተደጋገመ ያደግንበት አባባል ትዝ አለኝ። «ከመቶ ዓመት በፊት ከአገራችን ምድር 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ አይሞላም» የሚለው ማለቴ ነው። ቁጥሩን እንደ ጄምስ ማካን ያሉ የታሪክ ምሁራን በ1990ዎቹ መርምረው ማስረጃው ደካማ መሆኑን ጽፈዋል። መንግሥት ራሱ የደንን ትርጉም አሻሽሎ በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት ባቀረበው ሰነድ ሽፋኑን 15.5 በመቶ አድርሶታል። የኔ ትኩረት ግን ከቁጥሩ ይልቅ በመልእክቱ ላይ ነው። ለትውልድ ያህል ገበሬውን «አንተ ደን ጨራሽ ነህ፤ ጎረቤትህም እንዳንተው ነው፤ ያለቀውም አልቋል» ስንለው ኖርን። እንግዲህ ካለቀና ሁሉም ከጨረሰው፣ የቀረችውን አንዲት ዝግባ የሚጠብቃት ለማን ብሎ ነው?

ሁለተኛው ምሳሌ ስለ ቅጣት ነው። በእስራኤል በሐይፋ ከተማ በሕፃናት መዋያዎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት በ2000 ታትሟል። ልጆቻቸውን ዘግይተው በሚወስዱ ወላጆች ላይ አነስተኛ የገንዘብ ቅጣት ተጣለ። መዘግየቱ ይቀንሳል ሲባል ወደ እጥፍ ገደማ አደገ። ወላጆቹ ቀድሞ መምህሯን ያፍሯት ነበር፤ ቅጣቱ ሲመጣ ሐፍረቱ ወደ ሒሳብ ተለወጠ፤ «ከፍያለሁ፣ ምን ቀረብኝ?» ተባለ። የሚያሳስበው ደግሞ ተከታዩ ነው። ቅጣቱ ከተነሣ በኋላም የቀድሞው ይሉኝታ አልተመለሰም። ይሉኝታ አንዴ ከተሸጠ መልሶ አይገዛም።

በዚያው በ2000 በኮሎምቢያ ገጠር የተደረገ ጥናትም ታትሞ ነበር። የመንደር ሰዎች ከጋራ ደን ምን ያህል ማገዶ እንደሚሰበስቡ በጨዋታ መልክ ተፈተኑ። ተነጋግረው ራሳቸው ሲወስኑ ቁጥብ ሆኑ። ከውጭ የመጣ፣ ቁጥጥሩም የላላ ደንብ ሲጫንባቸው ግን እያንዳንዱ ወደየግል ጥቅሙ አዘነበለ። «ይህ የሰው አገር ወሬ ነው» የሚል ቢኖር፣ ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ የተገኘው ከገዛ አገራችን ከባሌ መሆኑን ልንገረው። በ2010 «ሳይንስ» በተባለው ታዋቂ መጽሔት የወጣ ጥናት 49 የደን ተጠቃሚ ማኅበራትንና 679 አባሎቻቸውን መረመረ። «ሌላው ከተባበረ እኔም እተባበራለሁ» የሚል ጠባይ ያላቸው አባላት በበዙበት ማኅበር ደኑ በተሻለ ሁኔታ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች የእርሻና የከብት ጊዜያቸውን ሰውተው ደኑን እየዞሩ ይጠብቃሉ። ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ያላተረፈውን ደን፣ ዐይን ለዐይን የሚተዋወቁ ጎረቤታሞች አተረፉት ማለት ነው።

የእነዚህ ጥናቶች ጭብጥ ሲጨመቅ ሦስት ነገር ይወጣዋል። ሰው የሚያደርገውን የሚወስነው የሌላውን አድራጎት እያየ ነው። ከላይ የሚወርድ ትእዛዝ የነበረውን ይሉኝታ ሊገድለው ይችላል። ሕዝብ ራሱ ያወጣውን ሕግ ግን ራሱ ይጠብቀዋል።

አባቶቻችን ያቆዩልን

ይህን ለመማር የግድ ሐይፋና አሪዞና መሄድ አያስፈልግም ነበር። መንዝ ጓሳ አለ። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ይህ ደጋ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ጅብራ የሚቆምበት፣ ስሙንም ከጓሳ ሣር ያገኘ ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። (ይህ ቄሮ በቅርብ ዘመን ስሙ ከገነነው የወጣቶች ንቅናቄ ጋር አይገናኝም።) መሬቱ በአስቦና በጌራ ወገኖች ተከፍሎ፣ በተመረጡ አለቆች እየተጠበቀ፣ ሣሩ በሚገባ እስኪያድግ ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘጋ ነበር። በተከፈተ ጊዜ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሣ የሚሆነው ሣር በሥርዓት ይታጨዳል። ጎረቤቱ እንደማይገባበት እያንዳንዱ ያውቃል፤ ስለዚህ እሱም አይገባበትም። የሐይፋው ወላጅ ያጣው ይሉኝታ እዚያ ሕግ ሆኖ ይሠራ ነበር።

በ1975 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ግን የቄሮ ሥርዓት አብሮ ፈረሰ። እዚህ ላይ ሚዛናዊ እንሁን። ቄሮ ገነት አልነበረም። ርስት ያለውን አቅፎ ርስት የሌለውን ያገለለ ሥርዓት ነበርና ለውጥ ይገባው ነበር። ጥፋቱ አሮጌው መፍረሱ ሳይሆን በምትኩ ምንም አለመተከሉ ነው። «የሁሉም ነው» በተባለ ጊዜ የማንም ሆነ፤ ሣሩ ታጨደ፣ ምድሩ ታረሰ። ኋላ ላይ የአካባቢው ሕዝብ በቄሮ ፈለግ የራሱን ምክር ቤትና ደንብ አቋቁሞ ጓሳን መልሶ ያዘው፤ የክልሉ መንግሥትም በሕግ ዕውቅና ሰጠው። ሟቿ አሜሪካዊት ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 የኖቤልን የኢኮኖሚክስ ሽልማት ያገኙት እንዲህ ያለውን ነገር ከስዊዘርላንድ ተራሮች እስከ ጃፓን መንደሮች አጥንተው፣ ሕዝብ ያለ መንግሥት ዱላና ያለ ነጋዴ አጥር የጋራ ሀብቱን መጠበቅ እንደሚችል በማሳየታቸው ነው።

ሌላው ምሳሌ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በአውሮፕላን በደቡብ ጎንደር ሰማይ ላይ ያለፈ ሰው በታረሰው ቡናማ ምድር መካከል የተነጠበጠቡትን አረንጓዴ ክቦች ሳያይ አይቀርም። በዚያ አካባቢ ብቻ ከ1,400 በላይ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከእነዚህ 28ቱን መርጠው በማጥናት በሌላ ቦታ የጠፉ አገር በቀል ዛፎች በቅጥሮቹ ውስጥ እንደተረፉ አሳይተዋል። ዛፎቹን ያቆያቸው የደን ጥበቃ አዋጅ አልነበረም። ደብሩ ያለ ዛፍ ዕራቁቱን ነው የሚል እምነት፣ ምእመኑም የሚያፍረው ነገር ስላለ ነው። እነዚህም ደኖች ቢሆኑ ከብት እየገባባቸው፣ ባሕር ዛፍም እየተሻማቸው መመናመናቸው አልቀረም። ዶክተሩና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱ ጋር ተመካክረው የጀመሩት መፍትሔ ውስብስብ አልነበረም፤ ገበሬው ከማሳው በለቀመው ድንጋይ የደኑን ዙሪያ መካብ። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። ይህን ሥራ ያስገኘው ለባለቤቱ ጆሮ መስጠት ነው።

ከችግኝ ቆጠራው በስተጀርባ

አሁን ወደ ዘመናችን ገዢዎች እንምጣ። ደርግ በዘመቻና በእህል ክፍያ ብዙ ተራራ አስተክሎ ነበር። በ1991 መንግሥቱ ሲወድቅ በብዙ ቦታ እነዚያ ደኖች በጥቂት ወራት ተመነጠሩ። ሕዝቡ ዛፍ ጠልቶ አልነበረም፤ ዛፉ የመንግሥት እንጂ የሱ ስላልነበረ ነው። ኢሕአዴግም በተራው ዘመቻውን ቀጠለ። በጋዜጠኝነት በሠራሁባቸው ዓመታት ክረምት በገባ ቁጥር ከየወረዳው የሚደርሰን ዜና አንድ ዓይነት ነበር፤ ይህን ያህል ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ የሚል። ባለፈው ዓመት ከተተከለው ስንቱ እንደጸደቀ የሚናገር ዜና ግን ከስንት አንድ ነበር።

ዛሬም ዜማው አልተለወጠም፤ ድምፁ ብቻ ጨመረ። በ2019 ሐምሌ ወር በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ፤ በአራት ዓመት ደግሞ 25 ቢሊዮን። በቅንነት የወጣውን ወጣት፣ ጭቃ ረግጦ የተከለውን መምህርና ገበሬ ማንም ሊያናንቀው አይገባም። ሳይንሱ ራሱ በአደባባይ አብሮ መትከል በጎ ጠባይን እንደሚያጋባ ይነግረናል። ይሁን እንጂ ያው ሳይንስ ሹሙ የሚቆጠርለትን ብቻ እንደሚሠራም ይነግረናል። የሚቆጠርለት የተተከለው ከሆነ ይተክላል፤ የሚቆጠርለት የጸደቀው ቢሆን ኖሮ ውኃ ያጠጣ ነበር። ሕዝቡ በአደባባይ የሰማውን ቁጥር በጓሮው ካየው ጋር ባነጻጸረ ቁጥር «ሁሉም ይዋሻል» ወደሚል መደምደሚያ ይሄዳል። እምነት በጠፋበት ቦታ ደግሞ «ሌላው ከተባበረ እኔም እተባበራለሁ» የሚለው ሰው የሚተባበረውን ያጣል።

የባለ ማኅተሙ ጠባይ

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ እነሆ። የባህርይ ሳይንስን ለብዝኃ ሕይወት እናውል የሚሉ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያጠኑት የባለ መጥረቢያውን ጠባይ ነው። ገበሬው ለምን ይቆርጣል? እረኛው ለምን ፓርክ ውስጥ ያሰማራል? ከሰል አክሳዩ እንዴት ይመከራል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ግን በአንድ ፊርማ 100,000 ሄክታር የሚሰጠውን የባለ ማኅተሙን ጠባይ የሚያጠናው ማን ነው?

ጋምቤላን እናስታውስ። በዚያ ምድር ነጭ ጆሮ ቆርኬ በብዙ መቶ ሺሕ እየሆነ ወደ ደቡብ ሱዳን ይመላለሳል፤ በአፍሪካ ከታላላቆቹ የአራዊት ጉዞዎች አንዱ ነው። በ2010 ካሩቱሪ ለተባለ የህንድ ኩባንያ 100,000 ሄክታር መሬት በዚያ ክልል በውል ተሰጠ፤ ከዚያም የሚልቅ ተስፋ ተሰጥቶት ነበር። ኩባንያው ከተሰጠው ያለማው ጥቂቱን ብቻ ስለነበር በ2015 መጨረሻ መንግሥት ራሱ ውሉን ሰረዘ። አንድ የአኙዋክ ገበሬ በዕድሜ ልኩ ቢቆርጥ የማያደርሰውን ጥፋት አንድ ፊርማ በአንድ ቀን ይፈቅዳል። ለዚያ ፊርማ ይሉኝታ የሚያሲዘው ጎረቤት አልነበረም። ፈራሚው የሚያየው በላዩ ያለውን ሹም ነው፤ ሹሙም በላዩ ያለውን። እርስ በርስ ሲተያዩ ደግሞ ያችው ክፉ ተረት ትመጣለች።

የገበሬውም ጠባይ ከዚህ ተለይቶ አይታይም። በ1994 የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ በተግባር ግን ገበሬው ነገ ማሳው ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ለልጅ ልጁ የሚደርስ ወይራና ዝግባ ትቶ በጥቂት ዓመታት የሚሸጥ ባሕር ዛፍ ቢተክል ከድንቁርና አይቆጠርበትም፤ ሒሳብ ዐዋቂነት ነው። ነገውን የነጠቅኸውን ሰው ስለ ነገ ልትሰብከው አትችልም።

ማስጠንቀቂያና ማሳሰቢያ

ይህ ሳይንስ በገዢዎች እጅ ሲገባ አደጋ አለው። በ2008 ሪቻርድ ቴለርና ካስ ሰንስታይን ሰውን ሳያስገድዱ በዘዴ ወደ በጎ ምርጫ መምራት ይቻላል የሚል መጽሐፍ ካወጡ ወዲህ ብዙ መንግሥታት ዘዴውን ወደውታል፤ ርካሽ ነውና። ነጻ ጋዜጣና ፍርድ ቤት ባለበት አገር ዘዴው ሲበላሽ የሚጋለጥበት መንገድ አለ። እንደኛ ባለ አገር ግን «የኅብረተሰቡ አመለካከት ይቀየር» የሚለው ቃል የመንግሥትን ጥፋት በሕዝቡ ላይ ማላከኪያ ሲሆን ኖሯል። የሚከስል እንጨት የሚሸጥ ድኻ ከአመለካከት በፊት እንጀራ ጎድሎታል። አብዛኛው ቤተሰብ በእንጨትና በኩበት እያበሰለ፣ በምክር ብቻ ደን ይተርፋል ማለት ዘበት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በአገር ቤት ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ በሙያዬ ያላችሁ ባልደረቦቼ፤ የጠፋውን ብቻ ሳይሆን የተጠበቀውንም ዘግቡ። ጓሳ እንዴት እንደተመለሰ የሰማ የወሎ ገበሬ «ሰው ያደርገዋል» ብሎ ያምናል። ባለፈው ክረምት ከተተከለው ስንቱ እንደጸደቀ በየቀበሌው በይፋ እንዲለጠፍ ጠይቁ። በ2018 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ለማኅበረሰብ ደን ባለቤትነት ዕውቅና ሰጥቷል፤ ወረቀቱ በሥራ እንዲተረጎም ማስገደድ የኛ ፈንታ ነው። በ2023 በአማራ ክልል የተቀጣጠለው ጦርነት ደግሞ አንድ ነገር አስተምሮናል። የሽማግሌ ሸንጎ በጥርጣሬ በሚታይበት ቦታ ቄሮም፣ ማኅበርም፣ ደንም አይቆምም። ሰላም የብዝኃ ሕይወት የመጀመሪያው አጥር ነው።

በውጭ ያለነውስ? ለአዳራሽና ለምርቃት ከምናዋጣው ጥቂቱን ለደብራችን ደን የድንጋይ ካብ፣ ለእናቶቻችን ላቀች ምድጃና ምርጥ ምድጃ ብናውለው የሚታይ ሥራ ይሆናል። ኩራታችንንም በቦታው እናውለው። ሴንት ሉሲያ የተባለችው ትንሽ የካሪቢያን ደሴት በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ መቶ ገደማ ብቻ የቀረላትን በቀቀን በ1979 ብሔራዊ ወፏ አድርጋ፣ በትምህርት ቤትና በአብያተ ክርስቲያናት ሳይቀር «ይህች ወፍ እኛ ነን» እያለች ከመጥፋት አዳነቻት። እኛ ብሔራዊ ቡድናችንን «ዋልያዎቹ» ብለን እንጠራለን፤ ማሊያውን ለብሰን በዋሽንግተንና በፍራንክፈርት እንጨፍራለን። ዋልያው ግን በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ ብቻውን ቆሟል።

ያባታችን ቤት ሲዘረፍ አብረን መዝረፍ ዕጣችን አይደለም። ተረቱን የሚገለብጠው አንድ ሰው ደፍሮ «እኔ አልወስድም፤ አንተስ?» ሲልና የሚመልስለት ሲያገኝ ነው። የባሌ ገበሬዎች እንዲህ ብለው ደናቸውን አቆዩ። ማኅተም የያዙትም ሰዎች ይህን ጥያቄ በአደባባይ ሊጠየቁ ይገባል። ጠያቂው ደግሞ ሕዝብ ነው።

ቸር ይግጠመን። ኢትዮጵያ ከነልምላሜዋ ለዘላለም ትኑር!